የገዛሁት ዕቃ ዝርዝር የማን ነው? ከደሴና ከኮምቦልቻ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሥራዬ ሒሳብ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ላሉ ጥቂት ሱቆች የወር ሒሳብ እዘጋለሁ። የሳምንቱን ግማሽ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት ስወርድና ስወጣ ነው የማሳልፈው። ቀኑን ሙሉ የማየው ሰው የገዛውን ነው፤ ማን፣ ምን፣ ስንት፣ መቼ።

ስለ ግል ዳታ ሕግ ወሬ መሰማት ከጀመረ ወዲህ ደንበኛውም ነጋዴውም ይጠይቀኛል። ደጋግሜ የመለስኩትን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ጠበቃ አይደለሁም፤ ክስ ውስጥ የገባ ሰው ጠበቃ ያማክር። ግን ነገሩ ያንገበግበኛል። ለምን እንደሆነ ከታች ታገኙታላችሁ።

የግዢ መረጃ ስንል ምን ማለታችን ነው?

ምን እንደገዛችሁ፣ የትና መቼ እንደገዛችሁ፣ በስንት እንደገዛችሁ፣ በምን እንደከፈላችሁ። ከዚህ ጋር ስማችሁ ወይም ስልክ ቁጥራችሁ ሲያያዝ የግል መረጃ ይሆናል። «ዛሬ 40 ኪሎ ስኳር ተሸጠ» ቢባል የማንም ገመና አይደለም። «የዚህ ስልክ ባለቤት 5 ኪሎ ስኳር ገዛች» ሲባል ግን የእሷ ነው። ስሟ ባይጻፍም ቁጥሩ ካለ እሷን ማግኘት ይቻላል።

እኔ የምገዛው ሽንኩርትና ዘይት ነው። ማን ምን ያደርግበታል?

ይህን ጥያቄ የማይጠይቀኝ የለም። እኔም ድሮ እንዲህ ነበር የማስበው።

የአንድ ቀን ግዢ ምንም አይናገርም። የስድስት ወሩ ግን ይናገራል። አንድ ጊዜ ለደንበኞቹ ነጥብ የሚሰጥ ሱቅ ሒሳብ እያስታረቅኩ ነበር። ነጥቡ የሚመዘገበው በስልክ ቁጥር ነው። አንድ ቁጥር ላይ ስህተት ስለነበረ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ማየት ነበረብኝ። መጀመሪያ አካባቢ አጃ፣ አብሽ፣ የገንፎ ዱቄት አለ። ከዚያ ለአራስ የሚሆን ዳይፐር መጣ። በየሳምንቱ ዳይፐር፣ የሕፃን ሳሙና፣ ቅባት። አምስተኛው ሳምንት ላይ ዳይፐሩ ቆመ። በዚያው ሳምንት ብዙ ቡና፣ ብዙ ስኳር፣ ሻማ፣ አንድ ካርቶን ውሃ ተገዝቷል። ከዚያ በኋላ ለወር ያህል ምንም የለም።

ሴትዮዋን አላውቃትም። ስሟንም አላየሁም። ቤቷ ምን እንደገባ ግን ገባኝ። ቁጭ ብዬ ማየት ያልነበረብኝን ነገር እያየሁ እንደሆነ የተሰማኝ ያኔ ነው። ለቅሶዋን ሳልደርስ፣ ሐዘኗን በኮምፒውተር አነበብኩት።

ሽንኩርትና ዘይትም እንደዚሁ ነው። ዘይቱ ከ5 ሊትር ወደ 1 ሊትር ሲወርድ ቤቱ እንደከፋው ይታወቃል። ሰው ሥራ ሲያገኝ፣ ሲያገባ፣ ሲታመም፣ ሲፋታ ግዢው ይቀየራል። ይህን ማወቅ የሚፈልግ ብዙ ነው፤ አበዳሪ፣ አከራይ፣ አሠሪ፣ አጭበርባሪም ጭምር። በተለይ አጭበርባሪ። «ባለፈው የገዙት ፍሪጅ ዕጣ ወጥቶለታል» ብሎ የሚደውል ሰው ፍሪጅ መግዛታችሁን ከየት አወቀ?

ሕጉ ጸድቋል ወይስ ገና ረቂቅ ነው?

ዋናው ጸድቋል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ለዓመታት በረቂቅ ቆይቶ መጋቢት 26 ቀን 2016 በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጸደቀ። ቁጥሩ 1321/2016 ነው። የሚያስፈጽመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

ከዚያ በፊትም ባዶ አልነበርንም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወት እንዳይደፈር ይላል፤ ደብዳቤውን፣ ስልኩን፣ በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚደረገውን ግንኙነት ጨምሮ። ግን ሱቅ ሄዶ «አንቀጽ 26» ማለት ምን ይጠቅማል? አዋጁ ነው ነገሩን ወደ መሬት ያወረደው። መረጃ የሚሰበስብ ሰው ለምን እንደሚሰበስብ መናገር አለበት። ለተናገረው ዓላማ ብቻ መጠቀም አለበት። ከሚያስፈልገው በላይ መውሰድ የለበትም። ባለቤቱ «አሳየኝ»፣ «አስተካክል»፣ «ሰርዝ» ሊለው ይችላል። ፈቃድ ሰጥቶኛል የሚል ድርጅት ፈቃዱን ማስረዳት የራሱ ሸክም ነው። መረጃው ቢሾልክ ደግሞ በ72 ሰዓት ውስጥ ለባለሥልጣኑ ማሳወቅ አለበት።

አዋጁ ስለ ግል መረጃ ሁሉ የሚናገር ነው። ስለ ግዢ ብቻ የተለየ ሕግ የለንም። የሚያስፈልገን ይመስለኛል፤ እሱን ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ድሮም የዱቤ ደብተር ነበር። ምን አዲስ ነገር መጣ?

ጥሩ ጥያቄ ነው። የዱቤ ደብተር አንድ ነው። ያለው አንድ ሰው እጅ ነው። ያ ሰው ያውቃችኋል፤ እናታችሁንም ያውቃል። በደሴው ሙጋድ የሰፈር ባለሱቅ የሰው ዕዳ ሲያወራ ቢሰማ በሳምንቱ ደንበኛ አይኖረውም። ይሉኝታውም ገበያውም ይይዘዋል። ደብተሩ ሲሞላ ይጣላል፤ አይጥ ይበላዋል።

አሁን ያለው ዝርዝር አይጥ አይበላውም። በአንድ ጊዜ ሺህ ቦታ ይገለበጣል። የሚያየው ሰው እናንተንም ሰፈራችሁንም አያውቅም፤ ስለዚህ አያፍርም። ልዩነቱ ማሽን መሆኑ አይደለም። ልዩነቱ የሚያፍር ሰው መሃል ላይ አለመኖሩ ነው። ያ ሲጠፋ ነው ሕግ የሚያስፈልገው።

ሱቁ ስልክ ቁጥሬን ሲጠይቀኝ መስጠት ግዴታዬ ነው?

ለዳቦና ለሳሙና? አይደለም። ዕቃ ቤት ድረስ እንዲመጣላችሁ ከፈለጋችሁ ቁጥርና አድራሻ ያስፈልጋል፤ ያ ምክንያት አለው። ዋስትና ያለው ዕቃ ስትገዙም እንዲሁ። በድርጅት ስም ስትገዙ ደረሰኙ ላይ የግብር ከፋይ ቁጥር ይገባል። ከዚህ ውጭ «ለምን ፈለጋችሁት?» ብሎ መጠየቅ ትክክል ነው። መልሱ «እንዲሁ ነው የሚሞላው» ከሆነ አትስጡ።

በስልክ ስከፍል ማን ምን ያያል?

ቴሌብር በግንቦት 2013፣ ኤም-ፔሳ ደግሞ በነሐሴ 2015 ሥራ ከጀመሩ ወዲህ ኪሳችን ስልካችን ሆኗል። ባንኮቹም አሉ። ስትከፍሉ ክፍያውን የሚያስተላልፈው ድርጅት ማን ለማን፣ ስንት፣ መቼ እንደላከ ያውቃል። ቲማቲም ይሁን ካሮት አያውቅም። ግን የተቀባዩን ስም ያውቃል፤ ተቀባዩ ፋርማሲ ወይም ላቦራቶሪ ከሆነ ቲማቲሙን ማወቅ አያስፈልገውም።

ሻጩ ደግሞ ስማችሁን ያያል። እኔን ግን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ሜሴጁ።

ደሴ ውስጥ አንድ ጫማ ቤት ገባሁ። ከፈልኩ። ልጁ «ሜሴጁን አሳየኝ» አለኝ፤ አሳየሁት። ስልኬን ከእጄ ወሰደና በራሱ ስልክ ፎቶ አነሳው። «ለአለቃዬ በቴሌግራም የምልከው ነው» አለኝ። ፎቶውን ሳየው ስሜ አለ፣ የሒሳብ ቁጥሬ መጨረሻ አለ፣ ከሥሩ ደግሞ ቀሪ ሒሳቤ ከነሳንቲሙ አለ። ደመወዝ የገባበት ቀን ነበር። ለሚስቴ እንኳ ያልነገርኩትን የጫማ ሻጩ ግሩፕ አወቀው።

ልጁ ክፉ አይደለም። የውሸት ስክሪንሹት እያሳዩ የሚሄዱ ሰዎች ስላሉ አለቃው ማረጋገጫ ይፈልጋል። የነጋዴው ችግር እውነተኛ ነው። መፍትሔው ግን ሌላ ነው። ብር ሲገባ ለተቀባዩም መልእክት ይደርሰዋል፤ እሱን ይይ። ወይም የግብይት ቁጥሩን ይመዝግብና ከራሱ ሒሳብ ጋር ያመሳክር። እናንተም ደረሰኙን አሳዩ እንጂ ሜሴጁን አታሳዩ። ሜሴጁን ማሳየት ግድ ከሆነ ቀሪ ሒሳቡ ላይ አውራ ጣታችሁን አድርጉ። ስልካችሁንም ከእጃችሁ አታውጡ።

ነዳጅ ስቀዳስ?

ከ2015 ጀምሮ ነዳጅ የሚከፈለው በዲጂታል መንገድ ነው። ታርጋው፣ ማደያው፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ የከፈለው ስልክ ይመዘገባል። ለሹፌር ይህ የጉዞ ማስታወሻ እንደማለት ነው። ጠዋት ደሴ፣ ማታ ኮምቦልቻ፣ በማግስቱ ወልድያ። ስርጭቱን ለመቆጣጠር ታስቦ ነው፤ ዓላማው አለው። ለሌላ ዓላማ እንዳይውል ማድረጉ ነው የሕጉ ሥራ።

የፋርማሲ ደብተር ወረቀት ነው። ወረቀትም ሕጉ ውስጥ ይገባል?

አዋጁ የሚመለከተው ኮምፒውተር ላይ ያለውን ብቻ አይደለም። በሥርዓት ተደርድሮ የተያዘ የወረቀት መዝገብም ይገባል።

እናቴ ስኳር አለባት። መድኃኒቷን የምትወስደው ከአንድ የደሴ ፋርማሲ ነው። ባንኮኒው ላይ ትልቅ ደብተር ተዘርግቷል፤ ስም፣ የመድኃኒት ዓይነት፣ ስልክ፣ ፊርማ። ፊርማ ለማድረግ ጎንበስ ስትሉ ከእናንተ በፊት የመጡትን ሃያ ሰዎች ታያላችሁ። እናቴ በዚያ ደብተር ላይ የጎረቤታችንን ስም አየች። የመድኃኒቱን ስም ማንበብ አትችልም ነበር፤ እኔ ግን አጠገቧ ነበርኩ፤ አነበብኩት። ምን መድኃኒት እንደነበረ እዚህ አልጽፍም። ሴትዮዋ በሽታውን ለሰው ለመንገር አስባ አታውቅም። እናቴ ቤት ስንደርስ «ምን አለ፣ ባታሳዩን» አለች። ለሁለት ቀን ጎረቤቷን ቀና ብላ ማየት ከብዷት ነበር፤ ምንም ሳታጠፋ።

አንዳንድ መድኃኒት በስም መመዝገብ እንዳለበት አውቃለሁ። መመዝገብና ዘርግቶ ማሳየት ግን የተለያየ ነው። የጤና መረጃ አዋጁ በተለየ ጥንቃቄ ይያዙ ካላቸው መረጃዎች አንዱ ነው።

ሃይማኖቴን ከግዢዬ ማወቅ ይቻላል?

ወሎ ውስጥ? በአንድ ሳምንት።

ሥጋ ስትገዙ የትኛው ልኳንዳ እንደገባችሁ ብቻ ይበቃል፤ በር ላይ መስቀሉ ወይም ጨረቃዋ አለች። ሁዳዴ ሲገባ ወተትና እንቁላሉ የሚቆምበት ቤት አለ። ረመዳን ሲገባ ቴምሩ የሚበዛበት ቤት አለ። ረቡዕና ዓርብ ብቻ ተለይቶ የሚታይ ነገርም አለ። አንድ ጎጆ ውስጥ ሁለቱም ያለበት ቤትም አለ። የእኛ አገር ነገር እንዲህ ነው። ይህን ዝርዝር አይቶ ለመለየት ኮምፒውተር አያስፈልግም፤ እኔም እለያለሁ።

እኛ ዘንድ ይህ የሚደበቅ ነገር ሆኖ አያውቅም። ጎረቤት ያውቃል። በዓል ሲመጣ ደግሞ አውቆ ነው ለእንግዳው የሚሆነውን ለይቶ የሚያሰናዳለት። እውቀቱ ለአክብሮት ይውላል። ግን ጎረቤት ማወቁና በስልክ ቁጥር ተደርድሮ ማንነቱ የማይታወቅ ሰው እጅ መግባቱ አንድ አይደለም። በደህናው ቀን «ምን ችግር አለው» የተባለ ዝርዝር በክፉ ቀን ምን ሊሆን እንደሚችል ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ጦርነቱ የገባበትን የ2014ን ጥቅምትና ኅዳር አይተናል።

አዋጁ ሃይማኖትን፣ ብሔርን፣ ጤናን፣ የፖለቲካ አመለካከትን በልዩ ጥበቃ ሥር አድርጓል። ጥያቄዬ ይህ ነው፤ «ሃይማኖት» ተብሎ ካልተጻፈና ከሥጋና ከቴምር ከታወቀስ? ልዩ ጥበቃው ሊደርስለት ይገባል እላለሁ። ይህ የእኔ አቋም ነው። መመሪያ ሲወጣ በግልጽ ቢጻፍ ደስ ይለኛል።

በስልክ ብድር ስወስድ ግዢዬን ያዩታል?

አጠቃቀማችሁን ያዩታል። ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር «መላ» እና «እንደኪሴ» የተባሉትን የብድር አገልግሎቶች በ2014 መጨረሻ ሲያመጣ ያለ መያዣ የሚሰጠው ብድር ሌላ ማስያዣ ነበረው፤ እሱም የእናንተ የአጠቃቀም ታሪክ ነው። ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ በጊዜው ተመለሰ ወይ። መሬትም ቤትም ለሌለው ወጣት ይህ በር ከፋች ነው፤ አልቃወምም። «አልተፈቀደልህም» ሲባል ግን ለምን እንደሆነ መጠየቅ ይቻላል። አዋጁ በማሽን ብቻ የተሰጠ ውሳኔን የመቃወም መብት ያውቃል። ጠይቁ።

መንግሥትስ ግዢዬን ማየት ይችላል?

ግብር ሰብሳቢው የሽያጭ መዝገብ ያያል፤ ለዚያ ነው የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑ ያለው። ወንጀል ሲጣራም በሕግ አግባብ መረጃ ይጠየቃል፤ አዋጁም እንዲህ ላለው ነገር ቦታ ትቷል። ነጋዴ ግን «ከዚህ መሥሪያ ቤት ነኝ» ላለው ሁሉ የደንበኛ ዝርዝር አያስረክብም። የጽሑፍ ትዕዛዝ ይጠይቅ፣ ቅጂ ያስቀር።

ይህ የኢትዮጵያ ጣጣ ብቻ ነው?

አይደለም። እንዲያውም በዚህ ጉዳይ ከሚነገሩት ታሪኮች የምወደው የአሜሪካ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1987 ሮበርት ቦርክ የሚባሉ ዳኛ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ታጩ። የዋሽንግተን አንድ ጋዜጠኛ እሳቸው ቪዲዮ ከሚከራዩበት ሱቅ የተከራዩትን የ146 ፊልሞች ዝርዝር አግኝቶ ጋዜጣ ላይ አወጣው። ዝርዝሩ ውስጥ የሚያሳፍር ነገር አልነበረም። የምክር ቤት አባላቱ ግን ደነገጡ፤ ሁሉም ፊልም ይከራያል። በዓመቱ፣ በ1988፣ የቪዲዮ ኪራይ መረጃን የሚጠብቅ ሕግ ወጣ።

ያኔ የጠበቁት የፊልም ኪራይን ነው። አሜሪካ እስከ ዛሬ ሁሉንም የግዢ መረጃ የሚጠብቅ አንድ አገር አቀፍ ሕግ የላትም፤ በፈረንጆቹ 2022 የቀረበው ረቂቅ ሳይጸድቅ ቀርቷል፤ ካሊፎርኒያ የራሷን አውጥታለች። የአውሮፓ ሰፊው ሕግ በዚያው አቆጣጠር በ2018 ሥራ ላይ ዋለ፤ ኬንያ በ2019 አወጣች። የእኛም አዋጅ የተቀዳው በዋናነት ከአውሮፓው መንገድ ነው።

ነጋዴ ነኝ። ይህ ሕግ ሥራ ሊያስፈታኝ ነው?

አይመስለኝም። ደንበኞቼ ነጋዴዎች ናቸውና በቅንነት ልንገራችሁ፤ አብዛኛው የሚሰበስበው መረጃ አይጠቅመውም። የሦስት ዓመት የስልክ ቁጥር ዝርዝር ይዞ አንድም ቀን ያልከፈተው ነጋዴ አውቃለሁ። የማይጠቅማችሁን አትሰብስቡ፤ ያልሰበሰባችሁት አይሰረቅባችሁም።

የምትሰበስቡት ካለ ለምን እንደሆነ አንድ ወረቀት ላይ በአማርኛ ጽፋችሁ ካሸሩ አጠገብ ለጥፉ። ሁለት መስመር ይበቃል። የደንበኛ ዝርዝር የሠራተኛ የግል ስልክ ላይ አይቀመጥ። ሠራተኛ ሲለቅ ከቴሌግራም ግሩፑ የዚያኑ ቀን ይውጣ፤ ብዙ ዝርዝር የሚጠፋው በዚህ በኩል ነው። የደንበኛ መታወቂያ ፎቶ አታንሱ፤ ካነሳችሁ ሥራው ሲያልቅ አጥፉ። ዕቃ ለሚያደርሰው ልጅ ስምና አድራሻ ስጡት እንጂ የዕቃውን ዓይነት በግሩፕ አታስተላልፉ። ዝርዝራችሁን ለሌላ ነጋዴ በቡና ሒሳብ አትስጡ። «ጓደኛዬ ነው፣ ሱቅ ሊከፍት ነው፣ ቁጥሮቹን ላክለት» የሚባል ነገር አለ። ቁጥሮቹ አደራ ናቸው፤ አደራ አይዋስም።

የሰው መረጃ የሚይዙና የሚያቀነባብሩ ድርጅቶች ባለሥልጣኑ ዘንድ መመዝገብ አለባቸው። እናንተን ይመለከት እንደሆነ ባለሥልጣኑን ጠይቁ፤ ጎረቤት ነጋዴን አትጠይቁ።

በየቀኑ የማስታወቂያ ሜሴጅ ይመጣብኛል። ማስቆም እችላለሁ?

አዎ። መረጃችሁ ለማስታወቂያ እንዳይውል መቃወም መብታችሁ ነው። ለላኪው በጽሑፍ «አቁሙ፣ ቁጥሬንም ሰርዙ» በሉ። ስክሪንሹት ያዙ።

በልጄ ስም የተመዘገበ ነገርስ?

ልጅ ራሱ ፈቅዷል አይባልም፤ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ነው የሚፈቅደው። የልደት ቀን እየጠየቀ ለልጅ ስጦታ እልካለሁ የሚል ሱቅ ካለ የልደት ቀኑን አትስጡት። ኬኩን ራሳችሁ ግዙ።

መብቴ ሲጣስ ወዴት ልሂድ?

መጀመሪያ ወደ ሱቁ። በቃል ሳይሆን በጽሑፍ፤ አንድ ገጽ ይበቃል። ምን መረጃ እንደያዙባችሁ እንዲያሳዩአችሁ፣ ለማን እንደሰጡት እንዲነግሯችሁ፣ እንዲሰርዙት ጠይቁ። ቀን ጻፉበት፣ ቅጂው ላይ «ደርሶኛል» አስብላችሁ አስፈርሙ። መልስ ካጣችሁ አቤቱታው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ጉዳት ከደረሰባችሁ ፍርድ ቤትም አለ።

ባለሥልጣኑ ያለው አዲስ አበባ ነው። ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ። ለአንድ ስልክ ቁጥር ብሎ ይህን መንገድ የሚሄድ ሰው አይኖርም። ለዚህ ነው ቀጣዩን የምለው።

ታዲያ ምን ይጨመር ትላለህ?

ስለ ግዢ መረጃ ለብቻው የሚናገር መመሪያ እፈልጋለሁ። አጭር ይሁን፣ ባለሱቅ አንብቦ የሚገባው ይሁን። አንደኛ፣ ስልክ ቁጥር ያልሰጠ ሰው ዕቃ አይከልከል፤ ዋጋም አይጨመርበት። ይህ አሁን ድረስ የሚታይ ነገር ነው፤ «ቁጥር ከሰጠህ በቅናሽ» ሲባል ቅናሹ የእናንተ መረጃ ዋጋ እንደሆነ ማንም አይነግራችሁም። ከዚያ፣ የግዢ ዝርዝር ከስም ጋር ተያይዞ የሚቆይበት ጊዜ ይወሰን። ሱቁ ለግብር የሚይዘው መዝገብ የደንበኛን ስልክ አይፈልግም፤ ስለዚህ ቁጥሩ ከዕቃው ተለይቶ ይቆረጥ። ይህን የምለው ሒሳብ የምሠራ ሰው ሆኜ ነው፤ ይቻላል፣ በግማሽ ቀን የሚያልቅ ሥራ ነው። የፋርማሲ ደብተር አይዘርጋ። ከግዢ የተገመተ ሃይማኖትም በሽታም እንደተጻፈ ይቆጠር።

አቤቱታ መቀበያም ወደ ከተሞቹ ይውረድ። በየከተማው ያለው የንግድ ጽሕፈት ቤት የጎደለ ሚዛንና ያለ አግባብ የተጨመረ ዋጋ ይከታተላል። አንድ ጠረጴዛ ቢጨመርለት የኮምቦልቻ ወዛደር ከፈረቃ ሲወጣ ሄዶ ማመልከት ይችላል።

ይሉኝታ ይይዘኛል። ባለሱቁን እንዴት ልበለው?

ያዘኝ ብለህ ዝም አትበል። ግን መጣላትም አያስፈልግም። «ጋሼ፣ ቁጥሬን ሳልሰጥ ልግዛ፤ ሜሴጅ በዝቶብኛል» በሉ። ከመቶ ዘጠናው «ችግር የለም» ነው የሚለው፤ አለቃው ስላዘዘው ነው እንጂ እሱም አይፈልገውም። ሌላ ሰው ቁጥር ሲጠየቅ ከኋላ ቆማችሁ ከሰማችሁም «ግድ አይደለም እኮ» በሏት።

ለፋርማሲዋ ልጅ የነገረቻት እናቴ ናት። እኔ አዋጅ ቁጥር ይዤ ልከራከር ስዘጋጅ ቀደመችኝ። «ልጄ፣ ይቺን ደብተር ሸፈን ብታደርጊያት፤ የሰው ገመና ናት» አለቻት። ልጅቷ ቀላች። ከመድኃኒት ካርቶን አንዱን ቀደደችና መሃሉን በምላጭ በስታ አንድ መስመር ብቻ የሚያሳይ ቀዳዳ አወጣችለት። ባለፈው ወር ስንሄድ ካርቶኑ አለ፤ ጠርዙ በፕላስተር ተለብዷል።